ሰላምታ በቆርቆሮ

ጎሊቻ የማታ ሥራ መፈለግ የጀመረው ሚስቱ ቦጋለች የጣሪያውን ሣር ቀና ብላ አይታ፣ ቀጥላ እሱን አይታ፣ ከዚያ ዝም ባለችበት ቀን ነው። ቦጋለች ስትናገር አታስፈራም፤ የምታስፈራው ዝም ስትል ነው። ዝምታዋን ስትጨርስ እንዲህ አለችው።

«የሚመጣው ዝናብ በዚህ ሣር ሥር ካገኘኝ ቦሬ ከተማ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

«ቦሬ እኮ ከዚህ ይበልጥ ይዘንባል» አለ ጎሊቻ።

«ይዘንባል። ግን ውጭ ነው የሚዘንበው።»

ባለፈው ዓመት ዝናብ ቦጋለች የጣሪያውን ፍሳሽ ስትሸሽ አልጋውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስትገፋ ከርማ፣ በመጨረሻ ደረቅ ቦታ የተገኘው በሩ ሥር ብቻ ስለነበር አልጋው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ባልና ሚስት አንድ ሙሉ ወቅት በመስኮት ሲገቡና ሲወጡ ከረሙ። ጎረቤት ስቋል። እሷ አልሳቀችም።

ጎሊቻ ነገሌ ተወልዶ ያደገ፣ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት የሚሠራ፣ በከተማው ውስጥ ጠላት የሌለው ሰው ነው። ደመወዙ ሁለት ሰውና አንዲት ፍየል ያሳድራል፤ ጣሪያ ላይ ግን አይደርስም። ስለዚህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ያገኘውን በር ሁሉ ማንኳኳት ጀመረ። ሻይ ቤት ጠየቀ፤ ብርጭቆ የምታጥብ የባለቤቱ እህት አለች። መጋዘን ልጠብቅ አለ፤ ዘበኛ አለ ተባለ፤ ዘበኛው እንዳይተኛ የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛም አለ። ቆዳ ነጋዴው ጋ አንድ ምሽት ጥሬ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰንስ አምሽቶ ቤቱ ሲገባ ደግሞ፣ ፍየሏ የዘመዶቿ ሽታ ሸቷት እስኪነጋ ስታለቅስ አደረች። ቦጋለችም የፍየሏን ሐሳብ ደገፈች። ያ ሥራ በዚያው አበቃ።

በመጨረሻ የሀሺ ሱቅ በር ላይ ደረሰ።

ሀሺ በገበያው መንገድ ላይ ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ አቡጀዲና የጣሪያ ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገር ነጋዴ ነው። ሀብት አለው፤ ጤና አለው፤ ራሕማን የመሰለች ሚስት አለችው። አንድ ነገር ብቻ ያመዋል፤ ምሽት። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከብታቸውን ሸጠው፣ ከአሬሮ በኩል ግመል ነድተው የመጡ ቦረናዎች ሱቁን ይሞሉታል። ለነጋዴ ይህ ሠርግ ነው። ችግሩ ሰላምታው ነው።

ቦረና ሰላምታን እንደ መሐል አገር ሰው «እንደምን አመሸህ» ብሎ በጎን አያልፋትም። ናጋ ይጠይቃል፤ ሰላም ማለት ነው። ሰው ናጋ? ናጋ። ልጆች ናጋ? ናጋ። ከዚያ ላሙ አለ፣ ግመሉ አለ፣ ጥጃው አለ፣ ፈረሱ አለ፤ ሣሩ፣ የጉድጓዱ ውሃ፣ ጎረቤቱ፣ መንገዱ አለ። አንዱን መዝለል አንዱን መርገም ነው። መልሱም ሁሌ ናጋ ነው። ከብቱ ቢያልቅም፣ አባት ቢሞትም በቅድሚያ ናጋ ይባላል፤ የሞተው ሰው በኋላ፣ «ወሬ?» ሲባል በተራው ይመጣል። ጥሩ ወግ ነው። ሚዛን ይዞ ለቆመ ሰው ግን እሳት ነው። ሀሺ ግመል ናጋ ሲል የስኳሩ ቁና ይጠፋበታል፤ ጥጃ ናጋ ሲል ስኳሩን ጨው ላይ ይገለብጠዋል። አንድ ቀን ቸኩሎ ከላሙ በቀጥታ ወደ መንገዱ ቢዘልል፣ ጃልዴሳ የሚባሉት ሽማግሌ የገዙትን ጨው እዚያው ትተው ወጡ። «ጨው የትም አለ» አሉ። ሀሺ ያን ቀን እራት አልበላም።

ጎሊቻ ሥራ ፍለጋ በሩ ላይ ቆሞ «ናጋ?» ሲለው፣ ሀሺ በልማዱ «ናጋ» አለ። ጎሊቻ ቀጠለ። ራሕማ ናት፣ ልጆቹ ናቸው፣ ሱቁ ነው፣ አቡጀዲው ነው፣ የጎረቤቱ አህያ ናት፣ እያለ ወረደ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ አይቸኩልም፤ እያንዳንዱን ሲጠይቅ የእውነት ያሳሰበው ይመስላል። ሀሺ ሚዛኑን አስቀመጠ።

«ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ ይደክምሃል?»

«በሰላምታ ይደከማል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ቀጥሬሃለሁ» አለ ሀሺ። «ማታ ማታ በሩ ላይ ትቀመጣለህ። ሰላምታው ያንተ፣ ሚዛኑ የኔ። በሳምንት አንድ ቆርቆሮ።»

ጎሊቻ ወደ ቤቱ እየሮጠ ገባ። ቦጋለች ሥራው ምን እንደሆነ ስትሰማ ረዥም ጊዜ አየችው። «ሰው እንዴት ነህ ብለህ ቆርቆሮ ይሰጡሃል?»

«ይሰጡኛል።»

«እኔን ስንት ዓመት በነፃ ስትጠይቀኝ ኖርክ!» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ጎሊቻ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን እስከ ፍየሏ ጥፍር ድረስ ሳይጠይቅ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ቦጋለች ከሀብት ያላትም ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት በርጩማው ላይ ገና ከመቀመጡ ጃልዴሳ መጡ።

«ናጋ?» አለ ጎሊቻ ብድግ ብሎ።

«ናጋ» አሉ ሽማግሌው። በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። «ልጄ፣ አሁን ናጋ ያልከኝ አንተ ነህ ወይስ ሀሺ?»

«ጋሽ ሀሺ ናቸው፣ ኦቦ። እኔ አፋቸው ነኝ።»

«ኤዬ። እንግዲያ እኔም በተራዬ ልጠይቅ። ሀሺ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ጠይቀኸዋል?»

ጎሊቻ ወደ ውስጥ አየ። ሀሺ እዚያው ከጀርባው ስኳር ይመዝናል። «አልጠየቅኋቸውም» አለ አፍሮ።

«ያልጠየቅኸውን ናጋ ከየት አምጥተህ ትሰጠኛለህ? ግባና ጠይቀው። እቆያለሁ።»

ጎሊቻ ገብቶ ጠየቀ፤ ወጥቶ ነገረ። ጃልዴሳ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፤ ጎሊቻ ገባ፤ ወጣ። ስለ ራሕማ፤ ገባ፤ ወጣ። ግመሎቹስ ሲባል ሀሺ ትዕግሥቱ አልቆ «ግመል የለኝም በለው!» ብሎ ጮኸ። ጎሊቻም ወጥቶ «ግመል የላቸውም» አለ።

የጃልዴሳ ፊት ጠቆረ። ናጋ ያልተባለለት ግመል ምን እንደደረሰበት ለቦረና መንገር አያስፈልግም። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። በማግስቱ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተመልሰው፣ ግመል ያለቀበትን ሀሺን ሲያጽናኑ ዋሉ፤ ሲሄዱም የጎደለበትን ማሟላት ወግ ነውና አንዲት የግመል ግልገል ከሱቁ ጀርባ አስረው ሄዱ። ሀሺ ግመል ኖሮኝ አያውቅም ብሎ ቢምል ሐዘኑ አእምሮውን ነክቶታል አሉ። ግመሏ የመጀመሪያውን የስኳር ከረጢት በላች። ከዚያ ወዲያ ግመል ናጋ ሲባል ሀሺም በሐቅ የሚመልሰው አገኘ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ሥራው ሥርዓት ያዘ። ጎሊቻ መጀመሪያ ገብቶ ሀሺን ከራስ ፀጉሩ እስከ ግመሏ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎ ወጥቶ የሀሺን ሰላም ሲያከፋፍል ያመሻል። ሀሺ እንዳይጠየቅ ብሎ የቀጠረው ሰው በየምሽቱ ከማንም በላይ ይጠይቀዋል። «ሰላምታ ሽሽት ሰላምታ ቀጠርኩ» እያለ ያማርራል፤ ግን ሱቁ ሞልቷል፤ ሚዛኑም አይሳሳትም። ወሬው ተልተሌ ድረስ ተሰማ። በነገሌ የሚጠይቅህ ሰው አለ ተባለ፤ እውነትም የሚጠይቅ። ምንም የማይገዙ ሰዎች በበርጩማው ፊት ተራ ይይዙ ጀመር። ራሕማ ራሷ አንድ ምሽት ከተራው መጨረሻ ተገኘች።

«እትዬ ራሕማ፣ ምን ፈለጉ?» አለ ጎሊቻ ተራዋ ሲደርስ ደንግጦ።

«ባሌ እንዴት ነው?»

«ናጋ ናቸው። ጥርሳቸውን ግን በግራ በኩል ያማቸዋል።»

«አያችሁ» አለች ራሕማ ከኋላዋ ለቆሙት። «እኔ አልሰማሁም።»

ነገሩ ለሁሉም ተመቸ። ለአንድ ቤት ብቻ አልተመቸም።

ጎሊቻ ቤቱ ሲደርስ አፉ ባዶ ሆኖ ነው። ለማያውቀው ሰው ጥጃ፣ ለማያየው አገር ሣር ሲጨነቅ አምሽቶ፣ ቦጋለች «አመሸህ?» ስትለው እጁን ያነሳል። «ምን አለ?» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። መጀመሪያ ደክሞት ነው ብላ አለፈችው። ቆርቆሮው ሲመጣ ጎረቤት ጠርታ አስመታች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ መኝታና መቀመጫው ከፊት፣ ጓዳው ከኋላ። የፊቱ ክፍል ሣር እየተነሳ ቆርቆሮ ሲሆን መንገደኛ ቆሞ ያይ ነበር። ቦጋለችም ወጥታ ታያለች፤ ታዲያ አብሯት የሚያይ ሲጠፋ ትመለሳለች።

አንድ ቀን በጠዋቱ መሥሪያ ቤት አለቃው «እንደምን አደርክ?» ቢለው ጎሊቻ ቶሎ ብሎ «ጋሽ ሀሺ ደኅና ናቸው፤ ግመሏም ደኅና ናት» አለ። አለቃው ቆሞ ቀረ። ጎሊቻ ራሱ ያለውን የሰማው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ያሳዝናል፤ ግን ያን ጊዜም ነገሩ ቤቱን አላስታወሰውም።

ቦጋለች ግን ከፍየሏ ጋር ማውራት ጀምራ ነበር። አንድ ማታ ጎሊቻ ሲገባ «ማነው የመጣው?» ብላ ፍየሏን ጠየቀቻት። ፍየሏም ዝም አለች። «እኔም አላወቅሁትም» አለች ቦጋለች። ጎሊቻ ይህን ሰምቶ መሳቅ ፈለገ፤ ግን መንጋጋው ስለደከመ ተኛ። ለጣሪያው ነው፤ ለእሷው ነው፤ የጓዳው ብቻ ቀርቷል፤ አንዴ ካለቀ አወራታለሁ አለ በሆዱ። በሆድ የተባለ ነገር ለማን ይሰማል?

ቦረናዎች ጋና የሚሉት የበልጉ ዝናብ በሊበን ሜዳ ላይ ደመናውን ማከማቸት ጀመረ። ለጎሊቻ የጓዳውን ክዳን ለማሟላት አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው። ያን ምሽት ተራው ከወትሮው ረዝሞ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዝናቡ ሳይመጣ ተጠይቆ መሄድ ፈልጓል። ጎሊቻ ሰው ቀና ብሎ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ እግር እያየ ነው የሚጠይቀው። ነጠላ ጫማ ያደረጉ የሴት እግሮች ፊቱ ቆሙ።

«ናጋ?»

«ናጋ።»

«ቤት ናጋ?»

«ናጋ።»

«ልጆች?»

«አልሰጠኝም። ናጋ።»

«ከብት ናጋ?»

«አንዲት ፍየል አለችኝ። ናጋ ናት፤ ትንሽ ብቻዋን ማውራት ጀምራለች።»

ጎሊቻ ቀና አለ። ቦጋለች የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንደ ማንኛዋም እንግዳ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«ቦጋለች! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሰላምታ አይቋረጥም፣ ጌታዬ፤ ነውር ነው» አለች። «ይቀጥሉ።»

ከኋላ የቆሙት ልክ ነች ብለው አጉረመረሙ። ጃልዴሳም በተራው ውስጥ ነበሩ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። ጎሊቻ ዞሮ ሀሺን አየ፤ ሀሺ ይመዝናል። ሌላ መንገድ ሲያጣ ቀጠለ።

«ጣሪያ... ጣሪያ ናጋ?»

«ናጋ። ቆርቆሮ ሆኗል።»

«ባል ናጋ?»

«ናጋ ነው ይላሉ። እኔ ካየሁት ቆየሁ።»

«ወሬ?» አለ ጎሊቻ።

«ወሬማ አለ። ነገ የቦሬ መኪና ላይ እሳፈራለሁ። ለባሌ እንዲነግሩልኝ ነው የመጣሁት። እኔ ቤት ስነግረው አይሰማኝም፤ እርስዎ ግን የመጣን ሁሉ ያዳምጣሉ ሲሉ ሰማሁና ተራ ያዝኩ።»

ጎሊቻ ከበርጩማው ግማሽ ተነሳ። «ቦጋለች፣ ይህ ሁሉ እኮ ላንቺ ነው! እንዳያፈስብሽ ብዬ ነው! የጓዳው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው!»

«ዝናብ እንዳይገባ ነበር ያልኩት» አለች። «ሰው እንዳይገባ አላልኩም።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እሷም ይህን አላሰበችም ነበርና ተናደደች፤ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ጃልዴሳ ከመሐል ወጥተው በዝግታ ወደ በርጩማው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ይህችን ሴት የጠየቅኻት ናጋ የማን ነው?»

ጎሊቻ አሰበ። መዋሸት አልቻለም። «የጋሽ ሀሺ ነው፣ ኦቦ። እዚህ የኔ የለም።»

«እንግዲያ የሀሺ ደርሷታል። ያንተስ?»

ጎሊቻ ያን ጊዜ ደነገጠ፤ እውነተኛ ድንጋጤ። ለስንት ሺህ ሰው ናጋ ሲል ከርሞ የራሱን ናጋ የት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ከበርጩማው ተነሳ።

«ተቀመጥ!» ብሎ ጮኸ ሀሺ ከውስጥ፣ ቁናውን እንደያዘ። «ከተነሳህ የዚህ ሳምንት ቆርቆሮ የለም! ሰው ሞልቷል፤ ማን ይጠይቅልኝ?»

«ራስዎ ይጠይቁ፣ ጋሼ» አለ ጎሊቻ። «እኔ ቤት ያልጠየቅሁት ሰው አለ።»

ራሕማ ከሱቁ ጓዳ ወጥታ ቁናውን ከእጁ ወሰደች፤ በርጩማውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችለት። «ሚዛኑን እኔ እይዛለሁ» አለችው። «አንተ ጀምር። ከኔ ጀምር።» ሀሺ ጥርሱን በግራ በኩል ይዞ ተቀመጠ።

ጎሊቻና ቦጋለች ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሷ ትቀድማለች፤ እሱ ይከተላል። በራቸው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ጮኸ፤ ገና ከመግባታቸው ጋናው መጣ። እንዲህ ያለ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰምተው አያውቁም፤ ቤታቸው ቆርቆሮ ከሆነ ወዲህ ዘንቦ አያውቅምና። ጣሪያው ላይ ድንጋይ የሚያራግፉ ይመስላል። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ጎሊቻ በደረቁ ቤት መሐል ቆሞ፣ የሚስቱን ዓይን ዓይን አይቶ፣ «ናጋ?» አለ።

ቦጋለች ከንፈሩን አየች። «ምን?»

«ናጋ ወይ?»

«አይሰማኝም!»

«ናጋ ወይ ነው የምልሽ!» ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም፤ እሷ ግን ጆሮዋን ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ያን ሁሉ ምሽት ተቀምጦ ያመጣው ጣሪያ አፉን ዘጋው። ጎሊቻ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየው፤ በሕይወቱ እንዲህ የጠላው ነገር የለም።

ቦጋለች እጁን ይዛ ጎተተችው። ወደ ጓዳ ገቡና የመሐሉን በር ዘጉት። ጓዳው አሁንም ሣር ነው። ዝናቡ እዚህ በሹክሹክታ ነው የሚወርደው፤ ደግሞም ያፈሳል። ፍየሏ ደረቁን ጥግ ቀድማ ይዛዋለች። ቦጋለች ሳፋ አምጥታ የሚያፈስበት ሥር አስቀመጠች፤ ምንቸት ደግሞ በሌላው በኩል። ሁለቱም በተረፈው ቦታ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ።

«ናጋ?» አለ ጎሊቻ።

«ናጋ።»

አልቸኮለም። እጆቿን ጠየቀ፣ ወገቧን ጠየቀ፣ እንቅልፏን ጠየቀ። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ጠየቀ። ወንድሟን፣ የወንድሟን ቤት፣ የቦሬን ጭጋግ ሳይቀር ጠየቀ። እሷም ናጋ፣ ናጋ እያለች፣ አንዳንዱ ላይ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ እያደረገች መለሰች። የፍየሏ ተራ ሲደርስ ፍየሏ ራሷ መለሰች። ከዚያ ቦጋለች ሳፋውን ገፋ አድርጋ፣

«አንተስ?» አለችው።

ናጋ የሚለው ቃል በልማድ በራሱ ወደ አፉ መጣ። ጎሊቻ አፉን ገጠመ። ሰው ስለ ራሱ ከጠየቀው ቆይቷልና ጥቂት ማሰብ ነበረበት።

«ጉሮሮዬን ያመኛል» አለ። «በርጩማው ወገቤን ፈጅቶታል። ናፍቀሽኝ ነበር፤ እዚሁ ሆነሽ።»

ከጣሪያው አንዲት ጠብታ ግንባሩ ላይ ወረደች፤ ቦጋለች በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ነገ የቦሬ መኪና ላይ ትሳፈሪያለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ጭቃ ነው፤ መኪና አይወጣም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

ሳፋው ሞልቶ ነበር። ቦጋለች ተነስታ በጓዳው የጓሮ በር ደፋችውና መልሳ ቦታው አስቀመጠችው።

«ከነገ ወዲያ» አለች፣ «ጠይቀኝ።»